መሣሪያና ጆሮ ሲለያዩ

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አብረን የሠራን ሁሉ፤

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ወንበር ለደረደራችሁ፣ መጋረጃ ለቀየራችሁ፣ ፎቶግራፌን አሳድጋችሁ ግድግዳው ላይ ለሰቀላችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶው ግን የዛሬ ሃያ ዓመት ነው። ስገባ አይቼው «ይቺ ቆንጆ ልጅ ደግሞ ማን ናት? እሷም ዛሬ ነው እንዴ የምትሰናበተው?» ብዬ ነበር።

ስጦታውንም አይቻለሁ። ወረቀት ብትጠቀልሉበትም ቅርጹ ያሳብቃል፣ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለኖረች ሴት ማዳመጫ መስጠት፣ ጡረታ ለወጣ ፖስተኛ የእግር መንገድ ጫማ እንደ መስጠት ነው። ግድ የለም፣ ተቀብያለሁ። ሙዚቃ እሰማበታለሁ። ማንም ነጥብ ስጪ የማይለኝን ሙዚቃ።

ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? እጃችሁን አውጡ። ጥሩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እዚህ መሥሪያ ቤት «ራዳር» የሚል ቅጽል ስም እንዳለኝ የሰማሁት በአሥረኛ ዓመቴ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰሚ እኔ፣ ስሜን ያልሰማሁትም እኔ! የነገረኝም ሰው «አታውቂም እንዴ?» ብሎ ከኔ በላይ ደነገጠ። ያኔ ስቄ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ስለዚህች ጆሮ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ቀልዱን መጀመሪያ የጨረስኩትም ለዚያ ነው።

እንግዶችም ስላላችሁ ሥራችንን ባጭሩ ልግለጽ። በየቤታችሁ አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች። አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች አቧራ ስትጠጣ የምትውል። እናንተ ራውተር ትሏታላችሁ፣ እናቶቻችን «ዋይፋዩ» ይሏታል፣ እኛ ሰነዳችን ላይ «የቤት ኢንተርኔት መግቢያ በር» ብለናታል። በሩ ጠባብ ነው። ፊልሙም፣ ጨዋታውም፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀትም፣ የሰው ድምፅም በዚያው ያልፋል። ሰው ሲበዛ ወረፋ ይሆናል። ታዲያ ማን ይቅደም?

የአገልግሎት ጥራት ደረጃ ብለን አንድ መቶ አርባ ገጽ ጽፈናል። ቢጨመቅ ግን ይህችው ጥያቄ ናት የምትወጣው፦ ማን ይቅደም? ፊልም ቢዘገይ ትንሽ ያኮርፋል እንጂ ይደርሳል። ፋይል ቢዘገይ ግድም የለው። የሰው ድምፅ ግን ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ እንኳ ከቆየ፣ ወይ ይቆራረጣል ወይ ይጠፋል። ስለዚህ ድምፅ ይቀድማል። ክሊኒክ በር ላይ ሰው በቃሬዛ ሲመጣ ወረፋ የያዘው ሁሉ «ይለፍ፣ ይለፍ» ብሎ ገለል እንደሚለው ነው። ገለል የማትል ሳጥን ፈተናውን አታልፍም፣ ገበያም አትወጣም።

ፈታኞቹ ደግሞ ሁለት ነን፣ መሣሪያና ጆሮ። መሣሪያውን የያዘው እዚያ ጥግ የተቀመጠው መሐንዲሳችን ነው፣ ሁላችንም «ሚሊ» የምንለው። ሚሊሰከንድ ሲቆጥር ፀጉሩ አለቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሱ ራስ ሲመለጥ ግን ሁላችንም ቆመን አይተናል። ጆሮው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሰሚ ቁጥር አራት። እሱ ይለካል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ከዚያ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እሰጣለሁ። ደረጃችን ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ፤ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚሸመድደው፦ «መሣሪያና ጆሮ ሲለያዩ የጆሮው ይጸናል።»

እንዴት እወደው ነበር ያንን አንቀጽ! ከሰው ጎን የቆመ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

የማዳመጫ ክፍሉን የማታውቁ ብዙ ናችሁ። በምድር ቤት መጨረሻ፣ ከባዱን በር ገፍታችሁ ስትገቡ ግድግዳው ሁሉ ግራጫ ስፖንጅ ነው። በሩ ሲዘጋ ዓለም ይዘጋል። የመኪናው፣ የኮሪደሩ፣ የማተሚያው ድምፅ የለም። መጀመሪያ የራሳችሁን ትንፋሽ ትሰማላችሁ። ቆየት ስትሉ ደማችሁ በጆሯችሁ ሥር ሲያልፍ ትሰማላችሁ። ከዚያ ማዳመጫውን ታደርጋላችሁ፣ መብራቷ ትበራለች፣ ሰውየው መናገር ይጀምራል።

ሰውየው በመዝገብ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ ድምፃቸው ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። በአካል ያየኋቸው አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ነው፤ «ደህና ዋሉ» ሲሉኝ ልቤ ዘለለ። ለፈተና የሚሆኑ ሃያ ዓረፍተ ነገሮች በጊዜው አንብበው ቀርጸውልን ሄዱ። ሳጥን በመጣ ቁጥር እነዚያን ሃያ ዓረፍተ ነገሮች በሳጥኗ ውስጥ እናሳልፋለን። በጎን ትልቅ ፋይል እንጭንባታለን፣ እንድትጨነቅ። ከዚያ ይሰማል።

«ልጅቷ መስኮቱን ከፈተች።»

«ውሃው ገና አልሞቀም።»

«ቁልፉ ከጠረጴዛው ሥር ወደቀ።»

«በግቢው ውስጥ ሁለት ዛፎች አሉ።»

«አጎቴ ነገ ከመንገድ ይመለሳል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ስትሰሙ ምን የምትሆኑ ይመስላችኋል? እኔ ቤት ሠራሁበት። እውነቴን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስቀመጥ ልጅቷ መስኮቱን ትከፍታለች፣ መስኮቱ ወደ ግቢው ያያል፣ ሁለቱ ዛፎች እዚያ ናቸው። አንዱ ትንሽ ዘመም ያለ ነው፤ ማንም አልነገረኝም፣ ግን ዘመም ያለ ነው። ውሃው ተጥዷል፣ ገና አልሞቀም። ቁልፉን ማንም አያነሳውም። አጎትየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ይመለሳል። አንዳንዴ እዚያ ቤት ውስጥ ሆኜ በሩን አያለሁ፣ ምናልባት ዛሬ ይመጣ ይሆናል እያልኩ። ከዚያ መብራቷ ትጠፋለች፣ እኔም ወረቀቱ ላይ «አራት» ብዬ ጽፌ ወደ ምሳ እሄዳለሁ።

እቤቴ ሆኜ እንኳ፣ ሻይ ጥጄ፣ «ውሃው ገና አልሞቀም» ይለኛል በሳቸው ድምፅ። ብቻዬን ሆኜ እስቃለሁ። ደስ ይላል እኮ፣ የሞተ ሰው ስለ ሻይሽ ሲያስብልሽ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት ሳጥን ለፈተና መጣች። ነጭ፣ ጠርዟ ክብ፣ «ሳሙና» ብለን ስም ያወጣንላት። ሚሊ ለካት፣ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ሰማኋት፣ አራት ሰጠኋት። ኮሪደር ላይ፣ ሰው መሃል ያዘኝ።

«ራዳር፣ ይቺ ሳሙና ቀዳዳ አላት። አማካዩ ደህና ነው፣ ግን ፋይሉ ሲበዛባት በየመሃሉ ድምፁን ትጥለዋለች።»

«እኔ ቀዳዳ አልሰማሁም።»

«መሣሪያው ያሳያል እያልኩሽ!»

«መሣሪያህ ቋንቋ አይችልም።»

«አንቺስ እርግጠኛ ነሽ የሰማሽውን ነው የጻፍሽው?»

ተቆጣሁ። በጣም ነው የተቆጣሁት። ያ ጥያቄ ዛሬም ድረስ ይገርመኛል፤ ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ስንሠራ ትክክለኛዋን ጥያቄ የጠየቀኝ ያን ቀን ነው፣ እኔም አንቀጹን ጠቅሼ ዘጋሁት። የጆሮው ይጸናል። ጸና። ሳሙና አለፈች፣ ሰርተፍኬት ተሰጣት፣ ከሠላሳ ሺህ በላይ ቤት ገባች። እኔና ሚሊም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን በአንገት ሆነ።

ከሠላሳ ሺዎቹ ቤቶች አንዱ የታላቅ እህቴ ቤት ነው።

እህቴ እዚህ አለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ ያደረገችው እሷ ናት። እታለም እላታለሁ። እናታችን ቀድማን ስለሄደች ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ስዋሽ የምታውቅብኝ። አሁን የምናገረውን እሷም እንደናንተ ዛሬ ነው የምትሰማው። እታለም፣ ለብቻሽ ልነግርሽ አምስት ወር ሞክሬ አቃተኝ። ሰው መሃል ከቆምኩ ማፈግፈጊያ የለኝም ብዬ ነው። ብታዝኚብኝ ልክ ነሽ።

የእታለም ቤት ጎድጓዳ ሰፈር ውስጥ ነው፣ ተራ ስልክ አይዝም። በሳጥኗ በኩል ነው የምንደዋወለው። ከጓሮ ያለውን ክፍል የሠርግ ፎቶ አንሺ ተከራይቶታል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ኢንተርኔቱን ይጋራሉ።

እታለም ስትደውል ሁልጊዜ አንድ ናት። «ደህና ነኝ፣ አትምጪ፣ ሥራሽን ሥሪ።» ብትታመምም ደህና ናት፣ ቢከፋትም ደህና ናት። ያቺን ንግግሯን እንደ ሃያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች በቃሌ ነው የማውቃት። ከየት እንደሚጀምር፣ የት እንደምትተነፍስ።

የዛሬ አምስት ወር፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደወለች። እኔ ከማዳመጫ ክፍሉ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ዳቦ እየበላሁ ነበር። አነሳሁት። «ደህና ነኝ፣ አትምጪ» አለችኝ። እኔም «እሺ እታለም፣ እሑድ እመጣለሁ» አልኳት። ተዘጋ። ዳቦዬን ጨረስኩ።

አላለችም። «ደህና ነኝ፣ አትምጪ» አላለችም።

ያለችው «ደህና አይደለሁም፣ ወድቄያለሁ፣ ቶሎ ምጪ» ነው። መጋረጃ ልትሰቅል በርጩማ ላይ ወጥታ ወድቃ፣ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ፣ ወለሉ ላይ ሆና ነው የደወለችው። በዚያች ደቂቃ ፎቶ አንሺው የአንድ ሠርግ ሙሉ ፎቶ ለሙሽሮቹ እንዲላክ አዝዞ ወጥቷል። ሳሙና ፎቶዎቹን አስቀደመች። እህቴ ከአምስት መቶ የሙሽራ ፎቶ ኋላ ቆማ ወረፋ ጠበቀች። እኔ ዘንድ የደረሰው «ደህና» እና «ምጪ» ብቻ ነው። መሃሉን ባዶ የሞላሁት እኔ ነኝ። «ነኝ» እኔ ጨመርኩ፣ «አት» እኔ ጨመርኩ። በገዛ ድምፄ ሳይሆን በእሷ ድምፅ፣ በእሷ ትንፋሽ፣ አንድም ሳይጎድል ሰማሁት።

የኔም መልስ በዚያችው በር ነው የሄደው። «እሺ እታለም» ደረሳት። «እመጣለሁ» ደረሳት። «እሑድ» የምትለዋ ወደቀች።

ስለዚህ ጠበቀችኝ። እመጣለሁ ብያታለሁ፣ ሌላ ሰው ለምን ትጠራ? ጎረቤት አልጮኸችም፣ ደግማ አልደወለችም። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ወለሉ ላይ ተኝታ በሩን እያየች ጠበቀችኝ። ፎቶ አንሺው ሲመለስ ነው ያገኛት።

ሐኪም ቤት ስደርስ አልጋዋ ላይ ናት። አልተቆጣችኝም። «እመጣለሁ ስትዪኝ ጊዜ እኮ ነው ሌላ ሰው ያልጠራሁት» አለችኝ፣ እንዲያው ነገሩን ለማስረዳት ያህል። እኔም «ኔትወርኩ ነው እታለም» አልኳት። አምስት ወር ሙሉ ያንን ነው ያልኩት። ኔትወርኩ ነው።

አንዳንዴ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳንቀላፋ፣ የወደቁት ቃላት የት ይሄዱ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። በመንገድ የቀሩት ሁሉ፣ የሰው ሁሉ «አል» እና «አይ» እና «እሑድ»፣ አንድ ቦታ ተሰብስበው ይሆን? ሰፊ ሜዳ ይታየኛል፣ ጭጋግ ያለበት። ቃላቱ ባለቤት እንደጠፋበት ሻንጣ ተደርድረው ቆመዋል። በመካከላቸው እየዞርኩ የእህቴን «ወድቄያለሁ» እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «ወድቄያለሁ» ብሏል ለካ። የእሷን መለየት ያቅተኝና እነቃለሁ።

ልብሷን ላመጣላት እቤቷ የሄድኩ ዕለት ሳጥኗን ገልብጬ አየኋት። ከሥሯ ተለጣፊ አለ፣ የሰርተፍኬት ቁጥር፣ መጨረሻው ላይ የሰሚው መለያ። አራት። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ተኝታበት የነበረው ቦታ ላይ።

በማግስቱ ወደ ሚሊ ሄድኩ። ዓመት ከመንፈቅ ያልረገጥኩት ክፍል ነው። በሩ ላይ ቆሜ «ሳሙናን መልሰን እንስማት» አልኩት። ተነስቶ ናሙናውን ከመደርደሪያ አወረደ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ «አንቺ አትሰሚ» አለኝ። «ዓረፍተ ነገሮቹን የማያውቅ ሰው እንፈልግ።»

ኮሪደሩን ስናይ ያለችው እማማ ናት፣ የጽዳት ክፍሏ። ወለል ታጸዳለች። ወንበሬ ላይ አስቀመጥናት፣ ማዳመጫውን አደረግንላት። እማማ፣ ትዝ ይልሻል? ጥቂት ሰምታ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ምነው እማማ?»

«ሰውየው ምን ሆነዋል? ቃሉን ይውጡታል እኮ! ውሃው ሞቋል ነው አልሞቀም የሚሉት?»

«ስንት ነጥብ ትሰጪያቸዋለሽ?»

«ለሳቸው ነው ለሳጥኗ? ለሳጥኗ አንድም ይበዛባታል።»

ከሷ ቀጥዬ እኔ ተቀመጥኩ። ያቺኑ ሳጥን፣ ያንኑ ቅጂ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጅቷ መስኮቱን ከፈተች። ውሃው ገና አልሞቀም። ሁሉም ጥርት ብሎ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ ሁለቱም ዛፎች ቦታቸው ላይ ቆመው። ሚሊ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። «አል» በምትለዋ ቦታ ላይ መስመሩ ባዶ ነበር። ባዶ! እኔ ግን ሰምቻታለሁ። አሁንም ብታጫውቱልኝ እሰማታለሁ።

እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሚሊ፣ ያን ቀን ይቅርታ ጠይቄህ «ተይው» ብለኸኛል። አልተወውም። ሰው ፊት ነበር የዘጋሁህ፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። መሣሪያህ ቋንቋ አይችልም ነበር ያልኩህ። ለካ ቋንቋ አለመቻሉ ነው የጠቀመው። ያልሰማውን አይጨምርም። አንተም ለካ የዚያን ጊዜ ልኬት እስከ ዛሬ በመሳቢያህ አስቀምጠኸዋል። ፀጉርህን ብቻ ነው ያላስቀመጥከው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፣ ምክንያቱን ግን አታውቁም። ደረጃውን ለሚያሻሽለው ኮሚቴ አዲስ አንቀጽ ጽፌ አቀረብኩ፦ «ማንኛውም ሰሚ አንድን የፈተና ዓረፍተ ነገር ከሦስት ጊዜ በላይ መስማት የለበትም። መሣሪያና ጆሮ ሲለያዩ ፈተናው በአዲስ ሰሚ ይደገማል።» ባለፈው ወር ጸደቀ። እኔ ሃያዎቹን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማኋቸው አላውቅም። ስለዚህ ጡረታዬ ገና ሦስት ዓመት ሲቀረው የምሰናበተው ታምሜ አይደለም፣ ተጣልቼም አይደለም። በገዛ አንቀጼ ነው የወጣሁት። ሰሚ ቁጥር ሰባትና ሰሚ ቁጥር ዘጠኝ፣ እናንተ ልጆች፣ አንቀጹ እናንተንም ከወንበሩ እንደሚያነሳችሁ አውቃለሁ። አኩርፋችሁብኛል መሰለኝ፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስልክ ማየት አብዝታችኋል። ልክ ናችሁ። ግን እናንተም እዚያ ቤት ገብታችኋል። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ ዘመም ያለውን ዛፍ አላያችሁትም?

ይኸው ሳቃችሁ። አይታችሁታል ማለት ነው።

አሁን አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ክቡር ዳይሬክተር፣ ይታገሡኝ።

የሳሙናን ሰርተፍኬት የሚሽር ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። ነገ ይወጣል። አምራቹ በየቤቱ ያሉትን ሳጥኖች በአዲስ ፕሮግራም እንዲያስተካክል ያዛል፤ ድምፅን እንዲያስቀድሙ። ደብዳቤው ላይ ግን ምክንያቱ «ለቴክኒካዊ ማሻሻያ ሲባል» ይላል። ከትናንት ወዲያ ቢሮዎ ጠርተው «ስምዎን በክብር ይዘው ይውጡ፣ ማን ያነሳዋል?» አሉኝ። ከደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። ቤቴ ሄጄ ሳስበው ግን አልተኛሁም።

ምክንያቱ ካልተጻፈ ምን ይሆናል? ይቺ አንዲት ሳጥን ትስተካከላለች፣ ጉዳዩም ይዘጋል። እኔ ግን ሚሊን በአንቀጽ የረታሁባቸው ሌሎች አሥራ አንድ ሳጥኖች አሉ። አሥራ አንድ። የሰው ቤት ጥግ ላይ ተቀምጠው አረንጓዴ መብራታቸውን ያበራሉ። የሰሚ ቁጥር አራት ጆሮ ስህተት ነበር ብሎ አንድ ወረቀት ካልተናገረ፣ እነሱን ማን መልሶ ይፈትሻል? በነዚያ አሥራ አንዶቹ ኋላ ስንት ሰው ወለል ላይ ሆኖ «እመጣለሁ» የተባለ ይመስለዋል?

ደብዳቤው ይኸው። ጸሐፊዎን እንዳይቆጧት፣ እኔ ነኝ ለምኜ የወሰድኩት። «ቴክኒካዊ ማሻሻያ» የሚለውን በእጄ ሰርዤ ከሥሩ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «ሰሚ ቁጥር አራት ያልሰማችውን እንደሰማች አድርጋ በመመዝገቧ። በእርሷ ጆሮ ያለፉ ሌሎች አሥራ አንድ ዓይነቶችም እንደገና ይፈተኑ።» ከጎኑ ፈርሜበታለሁ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ አሁን እንዲመልሱልኝ አልጠየቅኩም፣ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ...

እስክሪብቶ አወጡ።

ፈረሙ። እግዜር ያክብርልኝ። በሰው ሁሉ ፊት ስላስጨነቅኩዎ ይቅር ይበሉኝ።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልውረድ። ቁጥር ሰባትና ዘጠኝ፣ የምትወዱትን ሌላ ሥራ ያሰጣችሁ፣ የራሳችሁ ቤትና የራሳችሁ ሁለት ዛፎች ይኑሯችሁ። እማማ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ያ አንደበትሽ አይታጠፍ፤ የማዳመጫ ክፍሉ አዲስ ሰሚ ሲፈልግ ቀድመው አንቺን ይጥሩ። ሚሊ፣ ልኬትህን የሚያምን ሰው ይስጥህ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ የማይነፍግህ። ክቡር ዳይሬክተር፣ የፈረሙባት እጅ ትባረክ። ለሁላችሁም ጤናና ሰላም፣ የምትደውሉለትና የሚደውልላችሁ ሰው አያሳጣችሁ። ጥሪያችሁ ወረፋ አይያዝ። ነገር ግማሹ ብቻ ሲደርሳችሁ ግማሹን ከራሳችሁ ከመሙላት ይሰውራችሁ፤ ደግሞ የመጠየቅ ትዕግሥት ይስጣችሁ። አሜን በሉ እንጂ!

አመሰግናለሁ።

እታለም፣ አንቺ ነሽ የቀረሽኝ። ሳጥን በመሃላችን የለም፣ አሥር እርምጃ ነው። ኔትወርኩ አልነበረም። እኔ ነበርኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት እኔው ያሳለፍኳት ሳጥን ናት፣ የቀረውንም ጆሮዬ ጨርሶታል። ስድስት ሰዓት በሩን ስታዪ የጠበቅሽውን ዕድሜ ልኬን አልከፍለውም። ይቅር በይኝ።

እባካችሁ አታጨብጭቡ፣ አንዴ ዝም በሉልኝ። አንድ ነገር ብላለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ይኸው ልቤ የሚፈልገውን ቃል በእሷ ድምፅ ሊሞላልኝ እየቸኮለ ነው። እምቢ ብየዋለሁ።

እታለም፣ አልሰማሁሽም። ድገሚልኝ።